ቀዩ ሰጋቱራ

በ1963 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲቀር የመርሳ ወንዝ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ። በደህናው ዘመን ማንም ልብ ያላለው ነገር የታየው ያን ጊዜ ነው። ከአቶ ፈንታው የክር ማቅለሚያ ቤት የሚወጣው ቦይ ወንዙን በሚቀላቀልበት ቦታ ውሃው ደም መሰለ፤ ጥቁር በሚነከርበት ቀን ደግሞ ጠቁሮ ይወርድ ጀመር። ድሮ ወንዙ ሙሉ ሳለ ቀለሙ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ከከተማው በታች በሀብሩ ቆላ እስካሉት መንደሮች ድረስ ይዘልቃል።

ማቅለሚያ ቤቱ ስድስት በርሜል፣ አንድ የክር ማከማቻና ሰፊ ግቢ ነበረው። ንብረቱ የአቶ ፈንታው ነው፤ ሥራውን የምታውቀው ግን እልፍነሽ ነበረች። ዱቄቱ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ፣ ጨውና ሶዳው መቼ እንደሚጨመር፣ እሳቱ መቼ እንደሚቀንስ ከእሷ ሌላ የሚወስን አልነበረም። አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጇን ቀለም ውስጥ ስታስገባና ስታወጣ ኖራ ጥፍሯ የራሱን መልክ ይዞ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ትቆማለች። በሥራዋ ግን ትኮራ ነበር፤ ከወልድያ እስከ ሐራ ያሉ ሸማኔዎች ለጥለት የሚሹት የእሷን ቀይ ነው።

ታናሽ እህቷ ከመርሳ የአንድ ሰዓት መንገድ ወረድ ብላ በወንዙ ዳር ትኖራለች። አለሚቱ ተብላ ያደገችው ይህች እህቷ አብዱልሐሊም የሚባል ገበሬ ስታገባ እስልምናን ተቀብላ ረሂማ ተብላለች። እናታቸው ሁለት ዓመት አኩርፋ በሦስተኛው ታረቀች፤ ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ረሂማ ሁለት ጽንስ አስወርዷታል። ሦስተኛውን አሁን ስድስት ወር አድርሳለች።

በግንቦት አጋማሽ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ረሂማ ወደ ማቅለሚያ ቤቱ መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆማ ከጉያዋ የታጠፈ አቡጀዴ አውጥታ ዘረጋችው። ለሚወለደው ልጅ መጠቅለያ ብላ ያዘጋጀችው ነጭ ጨርቅ ነበር። በወንዙ ካጠበችው በኋላ ግማሹ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆኗል።

«ሁለት ጊዜ በሳሙና አሸሁት፣ እትዬ» አለች። «አይለቅም።»

እልፍነሽ የገዛ ቀለሟን ወዲያው አወቀችው። ጨርቁን ተዪው፣ ሌላ እገዛልሻለሁ አለቻት። ረሂማ ግን የመጣችው ለጨርቁ እንዳልነበረ ነገረቻት። የሚጠጡት ወንዙ ዳር በአሸዋው ላይ ከቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲቀዱ ከእንስራው ሥር ቀላ ያለ ነገር ይቀራል። የአብዱልሐሊም ጊደር ወንዙ ድረስ ወርዳ፣ አሽትታ፣ ሳትጠጣ ትመለሳለች።

«አንቺ ታውቂዋለሽ። ይህ ነገር ሰው ይጎዳል?»

እልፍነሽ አላውቅም ማለት አቃታት። ዱቄቱ በቆርቆሮ ታሽጎ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ በቆርቆሮው ላይ ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ ማን ያንብብልኝ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ከወንዙ ራቅ ካለው ምንጭ እንድትቀዳ መከረቻት። ረሂማ ምንጩ ከደረቀ ወር እንዳለፈው በለሆሳስ ነገረቻትና ጨርቁን አጥፋ ሄደች።

እልፍነሽ ያን ቀን ክር ስትነክር ልቧ ከሥራው አልነበረም። ልጅ አለመውለዷን ከቀለሙ ጋር አያይዛ አታውቅም ነበር፤ አሁን አያያዘችው። ትክክል ይሁን ስሕተት የሚነግራት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በርሜል በከፈተች ቁጥር ሐሳቡ አብሮ ይከፈት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ከቆላው ስድስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የአብዱልሐሊም አባት አያ ጀብሪል ነበሩ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በግቢው ውስጥ ቆመው በርሜሎቹን አንድ በአንድ አዩና ለአቶ ፈንታው ሰላምታ ሰጥተው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ከብቶቻቸው ውሃ እየሸሹ ነው፤ ሁለት ፍየል ሞቷል፤ ፍየሎቹን ድርቁ ይግደል ቀለሙ ይግደል እንደማያውቁም አልሸሸጉም። ወጣቶቹ ማቅለሚያ ቤቱን እናቃጥል ብለው እንደነበርና እሳቸው እንደያዟቸው ሲናገሩ ድምፃቸውን አላነሡም። እልፍነሽን ያስፈራት ይኸው አለማንሣታቸው ነው።

«ስምንት ቀን ሰጥተንዎታል» አሉ ለአቶ ፈንታው። «በስምንተኛው ቀን መጥተን ቀለም ካየን ቦዩን እንደፍናለን። ከዚያ ለሚመጣው ግን እኔ ዋስ አልሆንም።»

እነሱ ከሄዱ በኋላ አቶ ፈንታው ክፉ ሰው ስላልሆነ መጀመሪያ ሄዶ ቦዩን አየ፤ ነጋዴ ስለሆነ ደግሞ ወዲያው መላ ፈለገ። ከግቢው በስተ ጀርባ ደረቅ ሸለቆ አለ፤ አዲስ ቦይ ቆፍረን ወደዚያ እናውርደው አለ። እልፍነሽ ያ ሸለቆ ታጥፎ ታጥፎ ከእነ ረሂማ መንደር በላይ ከወንዙ እንደሚገናኝ ታውቃለች። ዝናብ ሲጥል የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደሚወርድ ነገረችው። አቶ ፈንታው ወደ ሰማይ አየና የቱ ዝናብ ብሎ ጠየቃት።

አብረዋት የሚሠሩት ሦስት ሴቶች ነበሩ። ከሁሉም የምትቀርባት ብዙነሽ የአራት ልጆች እናት ናት። ቤቱ ከተዘጋ በዚያ ድርቅ ላይ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበር። እልፍነሽ ከሁለት አቅጣጫ ተያዘች። ቀለሙ ከቀጠለ እህቷ፣ ቀለሙ ከቆመ ብዙነሽ።

ነገሩ የተገለጠላት በማግስቱ ጠዋት ወለል ስትጠርግ ነው። አንዱ በርሜል ከሥሩ ያንጠባጥብ ስለነበር ሰው እንዳያንሸራትት ከአናጢው ከጌትነት ቤት ሰጋቱራ እያመጡ ይነሰንሱበት ነበር። ሰጋቱራው እንደ በርበሬ ቀልቷል። እልፍነሽ በእፍኟ አፍሳ ወደ ውጭ ልትጥለው ስትል ጨመቀችው። በጣቶቿ መካከል የወጣው ውሃ ቀይ አልነበረም። እንደገና አፍሳ ጨመቀች። ጭብጧን በንጹሕ ውሃ ነክራ አሸችው፤ ቀለሙ ከእንጨቱ አልለቅ አለ።

ለማንም አልተናገረችም። ሥሩ የተሸነቆረ አሮጌ ጋን ፈልጋ በቀዳዳው ላይ አቡጀዴ አነጠፈች፤ ጋኑን በሰጋቱራ ሞልታ ቀይ እጣቢ አፈሰሰችበት። መጀመሪያ በችኮላ ስለገለበጠችው ቀለሙ እንዳለ አለፈ፤ ልቧ ስብር አለ። ቀጥላ በጣሳ ጥቂት በጥቂት አንጠባጠበችበት። ከሥር የወጣው ውሃ መጀመሪያ የእንጨት ቡናማ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ብዙነሽን ጠርታ አሳየቻት። ብዙነሽ ወደ ጋኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ አየችና ቀለሙ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። እልፍነሽ እንጨቱ ጠጣው አለቻት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበራትም፤ የሸማኔ ማግ ቀለም እንደሚጠጣ ሁሉ እንጨትም ይጠጣል ማለት ነው ብላ አሰበች።

ጥቁሩ ግን እንቢ አለ። ሰጋቱራውን ቀየረች፣ አበዛች፣ ማንጠባጠቡን አዘገየች፤ ጥቁሩ እንደገባ ይወጣል። በአራተኛው ቀን አመድ ሞከረች፤ ውሃው እያሙለጨለጨ ከፊቱ የባሰ ሆነ። የማሽላ ገለባ ልትሞክር አሰበችና አፈረች። በዚያ ዓመት አገዳና ገለባ የከብት ነፍስ ነበር፤ የገበሬውን ውሃ አበላሽቶ ደግሞ ገለባውን መጠየቅ ሆነባት። የሚሆነው ነገር ማንም የማይበላው፣ ማንም የማይፈልገው፣ በየቀኑ የሚጣል መሆን አለበት።

ከሰልን ያሰበችው ብዙነሽ ናት። እናቷ እንስራ ሲሸት ፍም ከሰል ትጥልበት እንደነበር አስታወሰች። ከሰሉን ጉማጅ ጉማጁን ሲጨምሩት ጥቁሩ ውሃ ብዙም አልተለወጠ። በሙቀጫ ወቅጠው በወንፊት ሲነፉት ግን፣ በብናኙ ውስጥ ሲያንጠባጥቡት፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ከሥር ጠብ ያለው ጠብታ እንደ ምንጭ ውሃ ነበር። ጥቁር ነገር ጥቁር ቀለም ያጠራል ብሎ ማን ይገምታል።

የከሰል ብናኝ ከከሰል ነጋዴዎች ጆንያ ሥር የሚቀር፣ ተጠርጎ የሚጣል ነገር ነው። ችግሩ መጠኑ ነበር። መርሳ ያለው አንድ ጆንያም አይሞላም፤ የጌትነት ሰጋቱራም አልቋል። ወልድያ ግን የእንጨት መሰንጠቂያም ትልቅ የከሰል ተራም አለ። በደሴና በወልድያ መካከል የሚመላለስ ዘውዱ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር የአቶ ፈንታውን ክር ያመላልስ ስለነበር እልፍነሽ ለመነችው። ዘውዱ ሰው የጣለውን ቆሻሻ በመኪና እንዲጭን ሲነገረው ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወና በሰባተኛው ቀን ከቀትር በፊት አደርሳለሁ ብሎ ቃል ገባ።

አቶ ፈንታው ይህን ሁሉ የሰማው በስድስተኛው ቀን ነው። ጋኑን ከብቦ ከብቦ አየ። አዲሱን ቦይ የሚቆፍሩ ሰዎች ቀጥሮ ነበር፤ አላሰናበታቸውም። ይሆናል ካልሽ ይሁን፣ ካልሆነ ቦዩ አለ አላት።

ሰባተኛው ቀን ላይ ዘውዱ አልመጣም። እልፍነሽ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ዳር ቆማ ከወልድያ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ ስታይ ዋለች። ከሲሪንቃ የመጣ አንድ መንገደኛ የተበላሸ የጭነት መኪና እዚያ ቆሞ እንዳየ ነገራት። መኪናው ምን ጭኖ እንደነበር ግን አላየም። በግቢው በስተ ጀርባ ዶማው ሲያርፍ ይሰማታል። እዚያው ቆማ ስምንተኛውን ቀን አሰበች፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በአንድ ጋን ውሃ ምን ታሳያቸዋለች? ወጣቶቹ ችቦ ይዘው ሲመጡ ብዙነሽ በየት በር ትወጣለች?

ዘውዱ በስምንተኛው ቀን ማለዳ ደረሰ። እጁና ፊቱ ግሪስ ነበር። አሥራ አራት ጆንያ አወረደ፤ ዘጠኙ ሰጋቱራ፣ አምስቱ የከሰል ብናኝ። አራቱ ሴቶች ቁርስ ሳይቀምሱ ሁለት በርሜል ከሥር በስተው፣ አንዱን በሰጋቱራ፣ አንዱን በከሰል ሞልተው፣ የቀዩንና የጥቁሩን እጣቢ ያንጠባጥቡ ጀመር።

ሽማግሌዎቹ ረፋዱ ላይ መጡ። ከኋላቸው ከበሩ ውጭ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ቆመዋል፤ አብዱልሐሊምም አለበት። አቶ ፈንታው የጠራውን ውሃ የሚያሳይበት የጠጅ ብርሌ ይዞ ሲመጣ እልፍነሽ ቀስ ብላ ተቀበለችውና በተራ ብርጭቆ ለወጠችው። ከበርሜሎቹ ሥር ቀድታ ለአያ ጀብሪል ሰጠቻቸው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። አሸተቱት። ለጎረቤታቸው አቀበሉ፤ ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አቶ ፈንታው ፊቱ በራ። ብርጭቆው ተመልሶ እልፍነሽ እጅ ሲገባ፣ «ጠጪና አሳያቸው» አላት።

ሁሉም አዩዋት። ብዙነሽ ከበርሜሉ ጀርባ ሆና በዓይኗ ትለምናታለች። ውሃው ጠርቷል፤ አንድ ጉንጭ ማንንም አይገድልም። አንድ ጉንጭ ብትጠጣ ነገሩ ያበቃል፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ውሃውም በቦዩ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ብርጭቆውን ወደ አፏ አስጠጋችና አወረደችው።

«አልጠጣውም» አለች።

አቶ ፈንታው የሰማውን ያላመነ ይመስል ዘወር ብሎ አያት።

«ቀለሙን ይዞልናል» አለች። «ጨውና ሶዳውን ግን አይዝም፤ በምላሴ ቀምሸዋለሁ። ሌላ ምን እንደቀረበት አላውቅም። እኔ የማልጠጣውን እህቴ ትጠጣው አልልም።»

ከበሩ ውጭ ማጉረምረም ተሰማ። አያ ጀብሪል እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያ ይህን ውሃ የት ልታደርሺው ነው፣ ልጄ?»

እልፍነሽ ከአቶ ፈንታው ጋር ያልመከረችበትን ነገር እዚያው ተናገረች። የጠራው ውሃ ተመልሶ ወደ በርሜል ይገባል፤ ለመጀመሪያው እጥበት ይሆናል፣ ጨውና ሶዳውም ቢሆን እንደገና ይሠራል። ከዚያ የሚተርፈው በግቢው ውስጥ በሸክላ አፈር በተለሰነ ጉድጓድ ተጠራቅሞ በፀሐይ ይደርቃል። በቦዩ ምንም አይወጣም። ጥቁሩ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይነከራል፤ ከዚያ በላይ ከሰሉ አይችልም። ይህን ስትል አቶ ፈንታውን አላየችውም።

አቶ ፈንታው በስድስት ሽማግሌና በሃያ ጎረምሳ ፊት እንቢ ማለት አልቻለም። ራሱን ነቀነቀ። አያ ጀብሪል እንግዲህ ቦዩን አንተ ራስህ በእጅህ ድፈነው አሉት፤ ከዚያ ወዲያ አንቱታውን የተዉት በንዴት ይሁን በዘመድነት ማንም አልገባውም። አቶ ፈንታው የአዲሱን ቦይ ቆፋሪዎች አሰናብቶ፣ ኮቱን አውልቆ ድንጋይ ተሸከመ። አብዱልሐሊም ከበሩ ገብቶ አገዘው።

ከዚያ በኋላ አቶ ፈንታው ሁለት ሳምንት ሙሉ እልፍነሽን አላናገራትም። ጠዋት ስትገባ ዛሬ ያሰናብተኛል ብላ፣ ማታ ስትወጣ ነገ ያሰናብተኛል ብላ ትሰጋ ነበር። አላሰናበታትም። ወንዙ ቀስ በቀስ መልኩን መለሰ። ረሂማ በአሸዋው ጉድጓድ ሥር ቀይ ነገር ማየት እንዳቆመች ላከችባት። እልፍነሽ ግን አላረፈችም፤ ሌላ ነገር እያደገ ነበርና።

ቀለም የጠጣው ሰጋቱራና ከሰል በግቢው ጥግ ይቆለላል። በሰኔ መጨረሻ ክምሩ የሰው ቁመት አለፈ። ደርቆ ከበርሜሎቹ ሥር እንዲነድ አናጢው ጌትነት መክሯቸው ነበርና ያነዱታል፤ ነገር ግን ከሚደርቀው የሚጨመረው ይበልጣል። ከወንዙ የወሰደችው ቀለም ሁሉ እዚያ ተከምሯል። ዝናብ ከመታው ምን እንደሚሆን ስታስብ፣ ያን ቀን ጭብጧን በውሃ አሽታ ቀለሙ እንዳልለቀቀ ታስታውሳለች፤ ነገር ግን ጭብጥ ሌላ፣ የሐምሌ ዝናብ ሌላ ነው።

አገሩ ሁሉ ዝናብ ይለምን ነበር። በመስጊድ ዱዓ፣ በቤተ ክርስቲያን ምሕላ ይደረጋል። እልፍነሽ ከምሕላው መካከል ቆማ እንደ ሰው ሁሉ እግዚኦ ትላለች፤ በልቧ ግን ትንሽ ይቆይልኝ፣ ክምሩ እስኪነድ ጥቂት ቀን ብቻ ትላለች። ከብት እየሞተ፣ ሰው እየተሰደደ፣ ዝናብ ይቅር ብሎ መለመን ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ ለንስሐ አባቷ እንኳ መናገር አልቻለችም።

ዝናቡ በሐምሌ ዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ መጣ። ሰማዩ በስተ ምሥራቅ ጠቁሮ ነፋሱ አቧራ ሲያነሣ ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ፊታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። ሴቶች እልልታ አሰሙ። እልፍነሽና ብዙነሽ ሸራ ይዘው ወደ ክምሩ ሮጡ። ሸራው ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። ጠብታው ወፍራም ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ከክምሩ ሥር ቀላ ያለ ውሃ እየተሳበ ወደ በሩ ያመራ ጀመር። ብዙው ቀለም አልለቀቀም፤ የለቀቀውም ግን ነበር። እልፍነሽ በጉልበቷ ተንበርክካ በባዶ እጇ አፈር እየቆለለች መንገዱን ትዘጋለች፤ ውሃው በሌላ በኩል ያልፋል።

አያ ጀብሪል ያን ቀን ከልጃቸው ጋር ለጁምዓ ሶላት ከተማ መጥተው ነበር። ዝናቡን እያመሰገኑ በማቅለሚያ ቤቱ በር ሲያልፉ ቀዩን ጅረት አዩ። ምንም ሳይጠይቁ ገቡ። አብዱልሐሊም ዶማ አንሥቶ በበሩ ላይ እርከን ማበጀት ያዘ። ሽማግሌው ቅርጫት አንሥተው ሰጋቱራውን ያፍሱ ጀመር፤ የሚያስገቡበት ደረቅ ቦታ ግን አልነበረም። ያለው ጣሪያ የክር ማከማቻው ብቻ ነው፤ እሱም ለወልድያ ገበያ በተዘጋጀ ክር ሞልቷል።

አቶ ፈንታው በማከማቻው በር ቆሞ ነበር። ቁልፉ እጁ ላይ ነው። እልፍነሽ ከጭቃው ቀና ብላ አየችው እንጂ አልለመነችውም። ዝናቡን አየ፣ ክምሩን አየ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ቅርጫት ተሸክሞ ሲቆም አየ። በሩን ከፈተ። ክሩን በገዛ እጁ እየጎተተ ወደ ዝናቡ አወጣውና፣ «አስገቡት» አለ።

ሲመሽ ክምሩ ከሞላ ጎደል ከጣሪያ በታች ገብቶ ነበር። ወንዙ ከደጋው ጎርፍ ይዞ ቡናማ ሆኖ ደረሰ፤ ምን ያህል ቀለም እንደሄደ ማየት አይቻልም። ብዙነሽ እንግዲህ ማንም አያውቅም አለች። እልፍነሽ ወደ አያ ጀብሪል ሄዳ በእሷ ግምት የሦስት ቅርጫት ሰጋቱራ ያህል ቀለም እንዳመለጠ፣ ሁለት ቀን ከወንዙ እንዳይቀዱ፣ የጣሪያቸውን ውሃ እንዲያጠራቅሙ ነገረቻቸው። ሽማግሌው በጭቃ የተለወሰ እጃቸውን በዝናቡ ታጠቡና፣ ደግ አደረግሽ፣ እነግራቸዋለሁ ብለው ልጃቸውን አስከትለው ወረዱ።

ረሂማ በነሐሴ መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟን ቡርቱካን አሏት። ትንሽ ናት፣ ጡት ግን ትጠባለች። እልፍነሽ ሄዳ ስታያት ጣቶቿን ቆጠረች፣ ዓይኗን ወደ ብርሃን አዙራ አየች፣ ድድዋን በጣቷ ነካካች። ምንም አላገኘችም። ረሂማ እህቷ ምን እንደምትፈልግ ስለገባት አልጠየቀቻትም። ልጅቱ እስክትቆም፣ እስክትራመድ፣ አፍ እስክትፈታ ድረስ እልፍነሽ በሄደች ቁጥር እንዲሁ ታያት ነበር።

ማቅለሚያ ቤቱ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ። ክምሩ በሚቀጥለው በጋ እየደረቀ ከበርሜሎቹ ሥር ነዶ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ጣሪያ አልተከመረም። በ1965 ክፉው ቀን ሲመጣ ሸማኔው ማጉን ሸጦ ተሰደደ፤ ቀለም የሚፈልግ ጠፋ። አቶ ፈንታው በርሜሎቹን ወልድያ ወስዶ ሸጠ። ብዙነሽ ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ወዳለበት ደሴ ሄደች።

እልፍነሽ ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ሥራ ቀርቷት ነበር። የግቢው ጉድጓድ ሲደርቅ ከሥሩ የጨውና የቀለም ቅርፊት ቀርቶበታል፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ በምላስ ሲነኩት የሚያቃጥል። በአካፋ ፍቃ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሞላችው። አብዱልሐሊም ከወንዙም ከምንጩም ርቆ ካለ አለታማ ኮረብታ ላይ ጉድጓድ ቆፈረላት፤ ቀበሩትና ትልልቅ ድንጋይ ጫኑበት። አያ ጀብሪል ቦታውን ለመንደሩ ሽማግሌዎች አሳዩ፤ ማንም እዚያ ጉድጓድ እንዳይቆፍር፣ ልጆቻቸውም እንዳይቆፍሩ አስጠነቀቁ። እልፍነሽ ሁሉም ማየታቸውን ካረጋገጠች በኋላ ብቻ ወደ ከተማ ተመለሰች።